ሸራ ጣሪያ ያለው የመስክ መኪና፦ ስለ ገጠማውና ስለ አያያዙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ሸራ ለመግጠም ካሰቡ ወይም ገጥመው ከተቸገሩ ሰዎች ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው። እኔም ለዓመታት ከሸራ ሥር ነድቻለሁ። ከመልሶቹ አብዛኞቹ የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፦ ሸራ ጨርቅ ነው። ሲበርደው ይሰበሰባል፣ ሲሞቀው ይለጠጣል፣ አሸዋ ሲይዝ ይፋቃል፣ እርጥብ ሆኖ ሲታጠፍ ይሻግታል። እንደ ብረት የያዘው ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ጨርቅነቱን ያልዘነጋ ግን ለረጅም ጊዜ ይገለገልበታል።

ከየትኛው ጨርቅ የተሠራ ሸራ ልምረጥ?

በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ቪኒል ነው፤ በፖሊስተር ሽመና ላይ ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ተለብጦ የሚሠራ። ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ይላል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ጭቃውም በስፖንጅ ይለቃል። ድክመቱ ብርድና ፀሐይ ናቸው። ብርድ ሲነካው ይጠነክራል፤ ፀሐይ ደግሞ ዓመት ከዓመት ልስላሴውን ትወስድበታለች፤ መሰንጠቅ የሚጀምረውም መታጠፊያው ላይ ነው።

ሁለተኛው ባለ ሦስት ንብርብር አክሪሊክ ነው። ከላይ የአክሪሊክ ሽመና፣ መሃል ስስ የጎማ ንጣፍ፣ ከውስጥ ደግሞ ሌላ ጨርቅ አለው። ቀለሙ ክሩ ሲሠራ አብሮ የሚገባ ስለሆነ ቶሎ አይደበዝዝም። ድምፅም በተሻለ ሁኔታ ያፍናል፤ በብርድም እንደ ቪኒል ግትር አይሆንም። በሌላ በኩል ዋጋው ከፍ ይላል፤ አቧራም በሽመናው መካከል ስለሚቀመጥ በለስላሳ ብሩሽ መጽዳት ይፈልጋል።

ሦስተኛው የጥጥ ሸራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ለሕዝብ የቀረበው የመጀመሪያው ላንድሮቨርና ተከታዮቹ የለበሱት ዓይነት። ጥጥ አየር ስለሚያሳልፍ ከውስጥ እንደ ቪኒል ጤዛ አይቋጥርም። አዲስ ሲሆን ግን በስፌቱ በኩል ያንጠባጥባል፤ ይህ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። ገጥመው እንደጨረሱ በቱቦ ውሃ ያርሱትና እዚያው መኪናው ላይ እንደተወጠረ ያድርቁት፤ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ክሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና የመርፌውን ቀዳዳዎች ራሱ ይደፍናል።

የእኔን ምርጫ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ መኪናው ውጭ የሚውልና የሚያድር ከሆነ አክሪሊክ እላለሁ። ዕለት ተዕለት ቁጥቋጦና ጭቃ ውስጥ ለሚገባ መኪና ቪኒል ይበቃል፤ ቢቀደድም ጥገናው ቀላል ነው። ጥጥ ለአሮጌ መኪናዎች ያምራል፤ ባለቤቱ ግን ትዕግሥተኛ መሆን አለበት።

ጠንካራውን ጣሪያ አውጥቼ ሸራ ለመግጠም ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

ሸራው ብቻውን አይገጠምም። የሚሸከሙት ቅስት ብረቶች፣ የበሩ አናት የሚያርፍባቸው ክፈፎች፣ የጎን ሐዲዶችና ከኋላ በር በላይ የሚገባው አግዳሚ ዘንግ አብረው መኖር አለባቸው። አንዳንድ ሻጮች ጨርቁን ለብቻው፣ አንዳንዶቹ ከነብረቱ ይሸጣሉ። በዝቅተኛ ዋጋ ተደስቶ የገዛ ሰው ካርቶኑን ሲከፍት ጨርቅ ብቻ ያገኛል፤ ይህ በተደጋጋሚ ያየሁት ነው። ከመክፈልዎ በፊት በዝርዝሩ ውስጥ ምን እንዳለና ሸራው ለመኪናዎ የምርት ዘመን የተሰፋ መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ ስም ያላቸው መኪናዎች ቅርጻቸው ከዘመን ዘመን ይለያያል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለተሠራው ጂፕ ራንግለር የተሰፋው ሸራ ከዚያ በፊት ለነበረው አይሆንም።

ጠንካራው ጣሪያ ከባድ ነው፤ ብቻዎን ለማንሳት አይሞክሩ። የኋላ መስታወት መጥረጊያና ማሞቂያ ካለው ገመዶቹንና የውሃ ቱቦውን ሳያላቅቁ ከፍ ካደረጉት ይበጠሳሉ። ብሎኖቹን በከረጢት አድርገው ከጣሪያው ጋር ያስሩ።

ያለ ባለሙያ መግጠም እችላለሁ?

ይችላሉ። ግማሽ ቀን ይመድቡ፤ የሚረዳዎት አንድ ሰው ከተገኘ ደግሞ ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል። ካቻቢቴ፣ የብሎን መፍቻ፣ ጠመኔና የወረቀት ፕላስተር ይበቃሉ። ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያ ግን ፀሐይ ነው። ሸራውን ከካርቶኑ አውጥተው ንጹሕ ቦታ ላይ ዘርግተው አንድ ሁለት ሰዓት ይተዉት፤ የመታጠፊያው ሽብሽብ ሲለቅ ያዩታል።

ሸራው እስኪሞቅ መኪናውን ይጠቡ። ሸራው በሚያርፍበት የላሜራ ጠርዝ ላይ የቀረ አሸዋ፣ ሸራው በተርገበገበ ቁጥር ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

ቀጥሎ ቅስቶቹን ያቁሙ፤ ብሎኖቹን በጣት ብቻ ያስገቡ እንጂ አያጥብቁ። ሸራውን ለሁለት አጥፈው መሃሉን ከፊትም ከኋላም በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። የፊት መስታወቱን አናት ለክተው መሃሉ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። ሁለቱ ምልክቶች ሳይገናኙ አንድም ቁልፍ አይዝጉ፤ መነሻው ላይ አንድ ጣት የዘመመ ሸራ ኋላ ላይ ሲደርስ ሦስት ጣት ይዘማል።

ከፊት ይጀምሩ። ፊቱ ከተያዘ በኋላ ወደ ኋላ ሄደው መሃሉን ያስይዙ፤ ከዚያ ቀኝና ግራ እያፈራረቁ አንድ በአንድ ይዝጉ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መዞር የተለመደ ስህተት ነው፤ ጨርቁ ወደተጨረሰው ጎን ይሳብና የመጨረሻው ቁልፍ አልደርስ ይላል። የጎን መስኮቶቹን ከዚህ በኋላ ያስገቡ፤ የኋላ መስኮቱ ይቆይ። ዚፖቹን አራቱም ማዕዘኖች እስኪወጠሩ ድረስ ከግማሽ በላይ አይዝጉ። ሁሉም ቦታውን ሲይዝ የቅስቶቹን ብሎኖች ያጥብቁ።

ላሜራው ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ካስፈለገ፣ ሸራውን ወጥረው ቦታውን በዓይንዎ ሳያዩ አይብሱ። የተበሳውን ጠርዝ ፀረ ዝገት ቀለም ቀብተው ካደረቁ በኋላ ነው ማያያዣው የሚገባው። አካላቸው አሉሚኒየም የሆነ መኪናዎች ላይ የብረት ማያያዣ በቀጥታ ከላሜራው ጋር መነካካት የለበትም። እርጥበት በመካከላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ቀለበት ጣልቃ ያስገቡ።

አዲሱ ሸራ አጠረኝ። የተሳሳተ ልኬት ተልኮልኝ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም። ሸራ ጠበብ ተደርጎ ይሰፋል፤ ልቅ ሆኖ ቢሰፋ ሲለጠጥ ይረግብና ነፋስ ይጫወትበታል። ሙቀቱ ከ22 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ወይም ሸራው ለረጅም ጊዜ ታጥፎ ሲቆይ ተሰብስቦ ያጠረ ይመስላል።

የመጀመሪያ ሸራዬን የገጠምኩት በቀዝቃዛ ጠዋት ነበር። ፊቱን ካስያዝኩ በኋላ የኋላው ጠርዝ ከቦታው አራት ጣት ያህል ራቀ። በሁለት እጄ ይዤ በጉልበት ስስበው አንዱ የብረት ቁልፍ ከነጨርቁ ተገነጠለና መዳፌ ውስጥ ቀረ። ተናድጄ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ፀሐይ በላዩ ላይ ነበረች፤ ጨርቁ ሲነኩት ልስልስ ብሏል። ያው ጠርዝ ቀስ ብዬ ስስበው እየተከተለኝ መጣ፤ የቀሩት ቁልፎች ሁሉ ያለ ትግል ገቡ። የተገነጠለችውን ቦታ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ዝናብ በመጣ ቁጥር አስታውሳታለሁ።

ስለዚህ ቅድሚያ ያሙቁት። ሲስቡም ቁልፉን ይዘው ሳይሆን በመዳፍዎ ሰፋ አድርገው ጨርቁን ይዘው፣ ሳይነጥቁ በቀስታ ይሳቡ። ሞቆም ካልደረሰ ያኔ ሻጩን ይጠይቁ። በመቀስ ግን አንድም ቦታ አይንኩት።

ገጥሜ እንደጨረስኩ ወዲያው ማጠፍ እችላለሁ?

አይቸኩሉ። ጥቂት ሞቃት ቀናት ተወጥሮ ይቆይና የመኪናውን ቅርጽ ይያዝ።

ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይገባል። ከየት እንደሚገባ እንዴት ልወቅ?

ውሃ የሚታይበት ቦታና የሚገባበት ቦታ አንድ አይደሉም። ወንበሩ ላይ የሚንጠባጠበው ጠብታ ምናልባት ከፊት ማዕዘን ገብቶ በቅስቱ ብረት ሥር ሄዶ የመጣ ነው። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ደግሞ በቱቦ ለስለስ ያለ ውሃ ከታች ወደ ላይ እያለ ያፍስስ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ቦታ አርሶ ስለሚወርድ ጥፋተኛውን ስፌት ማግኘት አይቻልም። እያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ።

በአብዛኛው ጥፋቱ የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው፦ የፊት መስታወቱ አናት ጫፎች ላይና የበሩ ላይኛው ጠርዝ ላይ። በሩ ላይ ከሆነ ስስ ወረቀት በጎማ ማሸጊያውና በክፈፉ መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡ። ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ ጎማው አልተጫነም ማለት ነው፤ የክፈፉን ብሎኖች አላልተው ወደ በሩ ጠጋ ያድርጉት። ጎማው ራሱ ከደረቀ ወይም ከተጨፈለቀ ይቀየራል።

በስፌት በኩል ለሚገባ ውሃ የድንኳን ስፌት ማሸጊያ አለ፤ ደረቅና ንጹሕ ስፌት ላይ ከውጭ በኩል በቀጭኑ ይቀባል። የቤት መስኮትና መታጠቢያ ቤት የሚደፈንበትን ሲሊኮን አይጠቀሙ። ሲላጥ በላዩ ላይ ሌላ ማሸጊያም ሙጫም ስለማይይዝ በኋላ የሚጠግነውን ሰው ያስቸግራል።

በቅስቶቹ መካከል ውሃ የሚያቁር ከሆነ ችግሩ ውጥረት ነው። የተኛ ውሃ በክብደቱ ጨርቁን ይበልጥ ያረግበዋል፣ የረገበው ደግሞ በሚቀጥለው ዝናብ ይበልጥ ያቁራል። ከውስጥ በመዳፍ ገፍተው ያፍስሱትና ቀኑ ሲሞቅ እንደገና ይወጥሩት።

የፕላስቲክ መስኮቶቹ ደብዝዘው ማየት ከለከሉኝ። ምን ይሻላል?

ይህን ጉዳት በአብዛኛው የሚያደርሰው ባለቤቱ ነው፤ ያውም ሊያጸዳ ሲል። አቧራ የያዘ መስኮት በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት መስመር ትተዋለች። መስመሮቹ በቀን አይታዩም፤ ማታ የሌላ መኪና መብራት ሲያርፍባቸው ግን መስኮቱ በሙሉ ነጭ ይሆናል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሳይነኩ ብዙ ውሃ ያፍስሱበት፤ አሸዋው በራሱ ይውረድ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይዘው በእጅዎ ወይም በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ያጥቡ፤ ክብ እየሠሩ አይሹት። አጥበው በለስላሳ ጨርቅ ተጭነው ውሃውን ያስመጥጡ። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ፣ ቤንዚንና ቀለም ማቅጠኛ ፕላስቲኩን ያበላሹታል። በረዶ ሲይዘውም መፋቂያ አይንካው፤ መኪናው ውስጡ ይሙቅና በራሱ ይቅለጥ።

ቀላል ጭረት ለፕላስቲክ በተሠራ ማለስለሻ ይቀንሳል። ፀሐይ ቢጫ ያደረገውን ግን የሚመልስ የለም፤ ሸራው ደህና ከሆነ ፕላስቲኩን ብቻ አስፈትቶ ማሰፋት ይቻላል። መስኮት ሲጠቀለልም በመካከሉ ለስላሳ ጨርቅ ይደረጋል፤ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር ሲፋተግ ይጫጫራል።

በብርድ ሸራውን ወይም መስኮቱን መክፈት ምን ጉዳት አለው?

ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሸራውን አያጥፉ፤ መስኮቱንም አይጠቅልሉ። ቀዝቃዛ ፕላስቲክ አይታጠፍም፤ ይሰበራል። የተሰበረ መስኮት ደግሞ አይጣበቅም።

የኋላውን መስኮት ብቻ ከፍቼ ብነዳ ነፋስ አገኛለሁ?

ከነፋሱ ጋር የሞተሩን ጭስ ያገኛሉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ መልስ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ። መኪናው ወደፊት ሲሄድ ከኋላው የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውም ጋዝ እዚያው ይሽከረከራል። ጎኖቹ ተዘግተው ኋላው ብቻ ሲከፈት ጋዙ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም አስቀድሞ፣ ከዚያ ራስን ስቶ መውደቅ፣ ከዚያም ሞት ያስከትላል። መጀመሪያ የሚጎዱት ከኋላ የተቀመጡት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ልጆች ናቸው። ኋላውን ከከፈቱ ጎኖቹንም ይክፈቱ፤ ካልሆነ ሁሉንም ይዝጉ።

በአቧራማ መንገድ ሁሉን ዘግቼ ስነዳ እንኳ ውስጡ አቧራ ይሞላል። ለምን?

ምክንያቱ ከላይ የተባለው ዝቅተኛ ግፊት ነው። አቧራው በኋላ በሩና በሸራው የታችኛው ጠርዝ ስንጥቅ ይሳባል። መፍትሔው ውስጡን በአየር መሙላት ነው፦ የአየር ማስገቢያውን የውስጡን አየር ከማዞር ወደ ውጭ አየር ይቀይሩትና ማራገቢያውን ከፍ ያድርጉት። ከፊት የገባው አየር በስንጥቆቹ በኩል ሲወጣ አቧራው መግቢያ ያጣል። ከፊትዎ ካለው መኪናም ራቅ ይበሉ። ልዩነቱን በመጀመሪያው ጉዞ ያዩታል።

በፍጥነት ስነዳ ሸራው እንደ ከበሮ ይመታል። የተበላሸ ነገር አለ?

ጥቂት ድምፅ የሸራ ጠባይ ነው፤ ይለመዳል። አናቱ ላይ በፍጥነት የሚያልፈው አየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ሸራው ወደ ላይ ያብጣል። አንዱን መስኮት አንድ ጣት ያህል መክፈት ብዙ ጊዜ ያበርደዋል። ድምፁ ድሮ ያልነበረ ከሆነ ግን የለቀቀ ቁልፍ ወይም ከቦዩ የወጣ ጠርዝ ይፈልጉ፤ የሚርገበገብ ጠርዝ ራሱን በራሱ ይቀድዳል። ቅስቶቹ ጨርቁን የሚነኩባቸውን ቦታዎችም በየጊዜው በጣትዎ ይዳስሱ። የሳሱ ከሆነ ብረቱ ላይ የስፖንጅ ፕላስተር ይጠቅልሉ።

እርጥብ ሸራ ማጠፍ ይቻላል?

ለጥቂት ሰዓት ከተገደዱ ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ይሻግታል፤ የሻጋታው ጥቁር ነጠብጣብም በቀላሉ አይለቅም። ቤት እንደደረሱ ዘርግተው ያድርቁት። በረኪና አይንካው፤ ክሩን ያደክማል።

ዚፑ ጠነከረብኝ፤ ዘይት ላድርግበት?

አያድርጉ፤ ዘይት አቧራ ይሰበስብና ሊጥ ይሆናል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በውሃ ጥርሶቹን አጽድተው ካደረቁ በኋላ ሰም ይቀቡት ወይም ደረቅ የሲሊኮን ማለስለሻ ይንፉበት። ዚፕ የሚበጠሰው በአብዛኛው ሸራው ሳይወጠር በጉልበት ሲዘጋ ነው። በአንድ እጅ ሁለቱን ጠርዞች አቀራርበው፣ በሌላው ዚፑን ይሳቡ።

አውቶማቲክ ማጠቢያ ውስጥ ላስገባው?

አይሆንም። ብሩሾቹ መስኮቱን ይጭራሉ፣ ሰሙም ጨርቁ ላይ ይከማቻል።

ሸራ ከሌባ ይከላከላል?

አይከላከልም፤ አንድ ቢላዋ ይበቃዋል። ስለዚህ በውስጡ የሚያጓጓ ነገር አይተዉ። ሰነድና መሣሪያ ወለሉ ላይ በብሎን በታሰረ ባለ ቁልፍ የብረት ሣጥን ውስጥ ይግባ። ሸራው እንዳይቀደድ ብለው በሩን ሳይቆልፉ የሚሄዱ ባለቤቶች አሉ፤ ምክንያታቸው ይገባኛል። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን የመድን ውልዎ ያልተቆለፈ መኪናን ይሸፍን እንደሆነ ያንብቡ።

መኪናው ቢገለበጥስ?

ሸራው ምንም አያደርግልዎትም። ሰውን የሚያቆየው ከሸራው ሥር ያለው የመገልበጥ መከላከያ ብረትና የደኅንነት ቀበቶው ነው። የሸራው ቅስቶች ቀጫጭን ስለሆኑ በእነርሱ አይተማመኑ።

ቅርንጫፍ ቀደደብኝ። ራሴ ልጠግነው?

ቪኒል ከሆነ አዎ፤ ያውም በዚያው ቀን። ጠርዞቹን ከውስጥ በፕላስተር አቀራርበው ያስይዙ። ከተመሳሳይ ጨርቅ ማዕዘኖቹ ክብ የሆኑ ጥገና ይቁረጡ፤ ስል ማዕዘን ቶሎ ይላጣል። ስፍራውን በአልኮል አጽድተው ለቪኒል በተሠራ ማጣበቂያ ይለጥፉና ክብደት ጭነውበት ያሳድሩት። አክሪሊክ ግን መሰፋት ስላለበት ሸራ ሰፊ ጋር ይውሰዱት። ፀሐይ የሚቋቋም የፖሊስተር ክር እንዲጠቀም ይንገሩት፤ በተራ የጥጥ ክር የተሰፋ ጥገና ጨርቁ ደህና እንደሆነ ክሩ አስቀድሞ ይበሰብሳል። እስከዚያው ድረስ ቀዳዳው እንዳይሰፋ ከውስጥም ከውጭም ፕላስተር ለጥፈው ቀስ ብለው ይንዱ።